በቃጫ የተሞላው ወንበር

ያረጀ የመኪና ወንበር ሲቀደድ የሚወጣው ሽታ ሌላ ነው። አቧራ አለበት፣ ላብ አለበት፣ ፀሐይ ያሞቀው ሌዘር አለበት። ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያው በታች ሳዘግም፣ ወጣቶች አንዲት አሮጌ መኪና ከፍተው የወንበሯን ልብስ ሲገፍፉ ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬ ገባና እግሬ አልሄድ አለኝ። "አባት፣ መቀመጫ እናምጣልዎት?" አለኝ አንዱ። ደክሞኝ መስሎት ነው። ተቀመጥኩለት። ምን ብዬ ላስረዳው?

እኔም በወጣትነቴ እንጀራዬ ይኸው ነበር ልጄ። ሶዶ ላይ የመኪና ወንበርና የበር ሌዘር እሰፋ ነበር። ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ትቼዋለሁ፤ እጄ ግን መርፌ ይወድ ነበር። ሱቃችን ቆርቆሮ ነው፤ በምስማሩ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የምንሠራው ጨርቅ ላይ እንደ ጥሬ ተበትኖ ይውላል። ማስቲሹ ራስ ያዞራል። አሠሪዬ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ካልቀለደ ክር አይገባለትም።

አባቴ ሾፌር ነበር። አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው፤ ከሶዶ ቦምቤ፣ አንዳንዴም ሃላሌ ድረስ ሰውና እህል ይዞ ይመላለስባት ነበር። እናቴ በሞተች በዓመቱ ግን ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግሩ ከዳው። መጀመሪያ ደበቀን። በኋላ ዳገት ላይ፣ ሰው እንደጫነ፣ እግሩ አልታዘዝ ሲለው መኪናዋን አቁሞ ተሳፋሪውን ሁሉ አወረደ። ቤት ገብቶ "ልሸጣት ነው" አለ።

ገዢ ሆኖ የመጣው አንድ የቦምቤ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አሮጌ ነገር ግን አይወድም። "ሞተሯ ደህና ነው፤ ውስጧ ግን... ጋሼ፣ ሚስቴ ይሄ ላይ አትቀመጥልኝም! ሁሉ አዲስ ይሁን፣ ወንበሩም በስፖንጅ ይሞላ" አለ። አባቴ እሺ ብሎ ቃል ገባለት። ሥራው እኔ ጋ ደረሰ።

አባቴ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። መጀመሪያ የበሩን ሌዘር አወጣሁ። ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ተልጦ አልቋል። የጣራውን ጨርቅ ሳወርድ የስንት በጋ አቧራ አብሮ ወረደና ሳል ይዞን ሁላችንም ሳቅን። የሾፌሩ ወንበር ጋ ስደርስ አሠሪዬ ጎድጓዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ወንበር እኮ የእርስዎን መቀመጫ በቃሉ አጥንቶታል!" አለ።

"ታዲያ ከልጄ ይሻላል፤ ይሄ ሦስተኛ ክፍል ነው የቀረው" አለ አባቴ።

ስፌቱን ተርትሬ ሌዘሩን ስገልጠው ግን ሳቁ ቆመ። ውስጡ ቃጫ ነው። የዛሬ ልጅ ታውቀው እንደሆነ እንጃ፤ እንሰት ሲፋቅ የሚበላው ወርዶ የሚቀረው ክር ነው ቃጫ። ታጥቦ ደርቆ ገመድ ይሆናል። ያን ወንበር ድሮ ስፖንጁ ተፈርፍሮ ሲያልቅ በቃጫ የሞላችው እናቴ ነበረች። ከጓሯችን እንሰት ራሷ ፍቃ፣ አጥባ፣ አጥር ላይ አስጥታ፣ በጣቷ አበጥራ። "ወገብህ ያርፋል" ስትለው ትዝ ይለኛል። ረገብ ባለ ቁጥርም በስፌቱ በኩል ትጨምርለት ነበር። ከሥር ያለው ጠቁሯል፤ ከላይ ያለው፣ የመጨረሻው፣ ገና ነጭ ነበር።

እጄ እዚያው ውስጥ ቀረ። አሠሪዬ ነገሩ ገብቶት ስፌት መኪናውን አቆመ። ከማዶ ጸሎት ቤት ወጣቶች መዝሙር ሲለማመዱ ብቻ ይሰማ ነበር።

"አባባ፣ ከሥር ልተወው? ስፖንጁን ከላይ አደርጋለሁ። ማን ያየዋል?" አልኩት።

ነጩን ቃጫ በሁለት ጣቱ ይዞ አየው።

"ሰውየው አዲስ ይሁን ብሏል፤ እሺ ብለነዋል። አዲስ አድርገህ ስጠው" አለ።

ቃጫውን አቅፎ ጥላ ሥር ወሰደው። ሱሪውን ሰብስቦ ጭኑ ላይ ገመድ ይገምድ ጀመር። እጁ ያውቅበታል። ቃጫውን ግን ላብና ዘመን በልቶት ኖሮ ይበጠስበታል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይበጠሳል። ነጩን ለብቻው ለይቶ ሞከረ፤ እሱ ደግሞ አጭር ነውና አልያያዝ አለው። እኔ እያየሁ እንዳላየሁ ምስማር እመታለሁ። በመጨረሻ ጭኑን አራገፈና ሁሉንም ሰብስቦ በገዛ እጁ ጥራጊው ላይ አኖረው። "ሥራውን ሠርቷል" አለ። ዛሬ የሱን ዕድሜ አልፌዋለሁ፤ ያን ቃል ያለበት ድምፅ ግን አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ነጋዴው ሊወስዳት ሲመጣ ውስጧ ያብረቀርቅ ነበር። "ይሄማ የሙሽራ መኪና ነው!" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቤታችን በአረካ መንገድ ስለነበር፣ "ጋሼ፣ ይግቡ፣ መንገዴ ነው፤ አደርስዎታለሁ" አለ። እኔ ከኋላ ገባሁ። አባቴ ግን በልማዱ በመሪው በኩል ያለውን በር ከፈተ። አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ነጋዴው ቁልፉን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ፤ ስለዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። አባቴ አዲሱን ወንበር በመዳፉ ዳበሰው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና በፊት በኩል ዞሮ በወዲያኛው ገባ፤ እናቴ ከገበያ ስትመለስ በምትቀመጥበት በኩል። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ከከተማ ስንወጣ ጠዋት የጣለው ዝናብ አባርቶ ነበር። ዳሞታ በቀኝ በኩል ታጥቦ፣ ለምልሞ፣ ጉም ከወገቡ እየለቀቀው ቆሟል። አባቴ መስኮቱን ከፈተና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ደጃችን ድረስ ተራራውን አየ።

"እናትህ ይሄን እያየች ነበር ለካ" አለኝ ወደ ኋላ ሳይዞር። "ዝም ስትል እኮ የተቀየመችኝ ይመስለኝ ነበር።"