እፉኝት አትሸሽም

አጎቴ ከጣና ዳር ደንገል እያጨዱ፣ እያደረቁ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ያደግሁት ዓባይ ማዶ እሳቸው ቤት ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ስለሆነ ስሜን ትተው «ተማሪዪት» ይሉኝ ነበር።

ደረቅ ደንገል ውስጥ አይጥ ይራባል፤ አይጥ ካለ እባብም አይጠፋም። ስለዚህ ታንኳ ሠሪዎቹ ክምሩን ከማንሳታቸው በፊት በዱላ ይደበድቡታል። ሌላው እባብ መሬቱ ሲርድ ይሸሻል። እፉኝት ግን አትሸሽም። ወፍራም ናት፣ ዝግተኛ፤ መልኳ ከደረቀ ቅጠል ስለማይለይ መዳኛዋ ዝም ብሎ መተኛት ነው። አይጡንም የምትይዘው እንዲሁ ተኝታ ጠብቃ ነው። ይህን እንዳነበብሁ ነገርኋቸው።

«ጋሼ፣ ዱላው ለእፉኝት አይሆንም። በመንሽ ይግለጡት።»

«አይ ተማሪዪት! አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲደበድብ ኖሮ አልጋው ላይ ነው የሞተ» ብለው ሳቁ።

ያን ቀን ምሳ ይዤላቸው ስደርስ ክምሩን ይመቱ ነበር። ደህና አድርገው መቱት። ምንም አልወጣም፤ ምንም ስላልወጣ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። ጮኸው ሲስቡት እፉኝቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ተነፍታ እንደ ወናፍ ትተነፍስ ነበር።

አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ክንዳቸውን በልጥ ጠፍረው አሰሩት።

«አትሰሩት! ደም ካላገኘ እጁ ይሞታል» አልሁ።

«ታዲያ መርዙ ልባቸው ይግባ?» አለኝ አንዱ፣ ልጡን እያጠበቀ።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ልጡን የፈታ የለም። ባጃጅ ተገኝቶ ሆስፒታል ስንደርስ እጃቸው አብጦ ጠቁሯል።

መድኃኒቱ ነፍሳቸውን አተረፈ። ከቀናት በኋላ ግን ሐኪሙ እጁ መቆረጥ አለበት አለ። መርዙ ነው ወይስ ማሰሪያው ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለቱም ይሆናል። አሁን መለየት አይቻልም።»

እኔ ግን መለየት እፈልግ ነበር። እስካሁንም እፈልጋለሁ።

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «እሷንስ ገደሏት?» አሉኝ።

«ገደሏት። ሆዷ ውስጥ ልጆች ነበሩ።»

«በይ እንግዲህ፣ ደንገሌን አይጥ ይጨርሰው።»

አልሳቅሁም፤ እሳቸውም አልሳቁም። የአንሶላውን ጫፍ እንደ ደንገል በግራ እጃቸው ጠቅልለው በአውራ ጣታቸው ሊቋጥሩት ሞከሩ። አመለጣቸው። እንደገና ሞከሩ።

«እስቲ በዚያ በኩል ያዥልኝ» አሉ።

ያዝሁላቸው። ሳይጠብቅ ተፈታ።