ታንኳው እስኪደርቅ

ጣና ዳር ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ የሚገርሙኝ ጋሽ ሰኢድ ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ያውም የብዙ ልጆች አባት። ለጨዋታ ያላቸው ጊዜ ታንኳቸው እስኪደርቅ ብቻ ነው። ነገሩን ላስረዳችሁ፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል። ሲደርቅ ግን ጋሽ ሰኢድ ይነሣሉ፤ መጀመሪያ ወደ ሥራ፣ ከዚያ ወደ ልጆቻቸው።

የሚመርጡት የመኪና ውድድር ነው፤ ግን አይወዳደሩም። ባዶው መንገድ ላይ ቀስ ብለው እየነዱ ተራራውን ያያሉ። የሐይቁ ነጸብራቅ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ ቤቷ ከነእኛ የምትንሳፈፍ ይመስለኛል።

«ጋሽ ሰኢድ፣ ይቺን ቁልፍ ቢጫኗት እኮ መኪናው ይፈጥናል» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ተወኝማ! ስሮጥ አይደል የምውለው? ይልቅ ታንኳው ደርቆ እንደሆነ እይልኝ።»

ሄድሁ። ፀሐዩ ስለሚያቃጥል መድረቁን አልተጠራጠርሁም፤ ከዚያ ባዶ መንገድ የማወርዳቸው እኔ መሆኔ ብቻ ከፋኝ። ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ ሕፃን አዝለው፣ ከሐይቁ በጆግ እየቀዱ ታንኳው ላይ ውሃ ያፈስሳሉ።

«እትዬ! ታንኳ እኮ ካልደረቀ...» ብዬ ማስረዳት ጀመርሁ።

«ደግሞ የታንኳ ነገር ለእኔ ልታስተምረኝ ነው?» አሉና ጆጉን እንደገና ሞሉ። «ረጋ ብሎ የሚቀመጠው አንተ ቤት ብቻ ነው። ሂድና ገና ነው በለው።»