ከሞተሩ ሥር ያለው ድንጋይ

ውድነህ አሰብ ሲመደብ ሚስቱ ትሩፋት ነፍሰ ጡር ነበረች። ሙቀቱን ስለፈራላት ደሴ እናቷ ዘንድ ትቷት ወረደ። ልጅቱ ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች፤ እሱ ግን የሚያውቃት ከአሰብ ደሴ ከሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ከውብሸት አፍ ብቻ ነው። «ስትስቅ ቁርጥ አንተን» ይለዋል ውብሸት። ውድነህ ይህችኑ ደጋግሞ ያስነግረዋል።

ሥራው ለወደቡ መብራት የሚሰጠውን ትልቁን ሞተር መከታተል ነበር። ሞተሩ የተተከለው ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ላይ ነው። አንዱ ጥግ እየሰመጠ ሲያስቸግር ከአዲስ አበባ የመጣችው መሐንዲስ ታደለች በድንጋዩ ስንጥቅ ላይ ጄሶ አስለጠፈች።

«ድንጋይ ሲንቀጠቀጥ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል» አለችው። «ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ በየጊዜው ትንሽ ይቀረዋል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይረጋል። ከረጋ በኋላ እንደገና ከፈጠነ ግን ሊሰበር ነው። ጄሶው ከተሰነጠቀ ሞተሩን ያጥፉ።»

«እስኪረጋ ድረስ የዓመት ፈቃድ የለኝም ማለት ነው?»

«ምን ይደረግ፣ ጓድ ውድነህ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲገባ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ ጄሶውን ያያል። ያ ሁሉ የበጋ ወላፈን አልፎ ጄሶው ሳይሰነጠቅ ከረመ። ፈቃዱ ተፈረመለት። ወደቡ አጠገብ ካለው የአሊማ ሱቅ ለልጁ ቀይ ጫማ ልኩን ገምቶ ገዛ።

ሊሄድ በተነሣበት ጠዋት ውብሸት ደጅ ሆኖ ክላክሱን ይነፋል። ውድነህ ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ አለ። ጄሶው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ወጥታለች። ተረኛው ንጋቱ ጀርባውን ሰጥቶ ዘይት ይሞላል፤ አላየም። ውድነህ ዝም ብሎ ሊወጣ ቃጣው። አንድ እግሩ ደፍ ላይ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ሞተሩ አጠገብ የሚውለው ንጋቱ ነው፤ ንጋቱም ቤቱ ልጆች አሉት።

«ንጋቱ፣ አጥፋው!»

ሞተሩ ከቦታው ሲነሣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ በአንድ በኩል ደቆ ተገኘ። መሠረቱ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ፈቃዱ ተሰረዘ። ጫማውን ውብሸት ይዞለት ሄደ።

ውድነህ ደሴ የገባው በዓመቱ፣ በውብሸት መኪና ነው። መኪናው ሲቆም ልጅቱ ከግቢ ሮጣ ወጥታ የውብሸት እግር ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ!»

ትሩፋት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ሌላ ከአሰብ የሚመጣ ሰው መች ታውቃለች!» አለችና እንባዋ መጣ። ውድነህ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ፈቃዱ ሲያልቅ ትሩፋት ዕቃዋን ሸከፈች። «ሙቀቱ ይግደለን እንጂ ከእንግዲህ ተለይተን አንኖርም» አለች። ወደ አሰብ ሲወርዱ ልጅቱ በእናቷ ጉያ ሆና እስከ ሚሌ ከተማ ድረስ ውድነህን ሰርቃ ስታየው ቆየች። እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን ሸሸገች።