የመፈልፈያው ትርፍ ቀዳዳ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል፤ መለኪያ ሜትሩ ከወገቡ ስለማይለይ። ሙያው ብየዳ ነው። አንድን ዕቃ አንዴ ካየ ቁርጥ ራሱን አድርጎ ያወጣዋል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ደግሞ ብረት በቶርኖ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው፤ እሱ ማንም ያላየውን ነው የሚሠራው። ሜትሩ «ጋሼ» ይለዋል። እህቱን የዳረለት እሱ፣ ኤሌክትሮድ አያያዝ ያሳየውም እሱ ነው።

ጋሼ የበቆሎ መፈልፈያውን ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ሦስት ከበሮ አበላሽቷል፤ አንዱ ፍሬውን ይፈጨዋል፣ አንዱ ከነቆረቆንዳው ይተፋዋል፣ አንዱ ጭራሽ አይዞርም። በአራተኛው ፍሬው ሳይሰበር ዥው ብሎ ወረደ። የማሽኑ አንድ እግር ስለተወላገደ ብቻ «ይቺን በይድልኝ» ብሎ ሜትሩ ዘንድ ትቶት ሄደ።

ብየዳው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሜትሩ ግን በሩን ገርበብ አደረገና ማሽኑን ፈታታው። እያንዳንዱን ክፍል ካርቶን ላይ እያጋደመ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። በጎን ሽፋኑ ላይ፣ ከኩሽኔታው ሦስት ጣት ዝቅ ብላ፣ አንዲት ስምንት ሚሊ ቀዳዳ አገኘ። ብሎን አይገባባት፣ ዘይት አይፈስባት። «ጋሼ ያለ ነገር አይበሳም» አለና እሷንም አሰመረ።

በወሩ የራሱን መፈልፈያ አወጣ። ሁለት ዓመት ስላልለፋበት፣ ላሜራውንም ስላሳሳው፣ ረከሰ። «ከውጭ ከመጣ አሮጌ ማሽን ላይ አይቼ ነው» ብሎ አወራ። ከሱ ጎረቤቱ ቀዳ፣ ከጎረቤቱ የሱቆቹ መደዳ ሁሉ። ዛሬ አሥራ አንዱም ሱቅ አንድ ዓይነት መፈልፈያ በሩ ላይ ደርድሮ ገዢ ይሻማል። ገበሬዎች የባቄላ መውቂያ ያለህ እያሉ ይመጣሉ፤ «የበቆሎ ነው ያለን» ይባላሉ፤ ይመለሳሉ። ማን ሁለት ዓመት ደክሞ በወሩ ለጎረቤቱ ያስረክባል? ጋሼም የበር ማጠፊያ ወደ መቅረጽ ዞረ። ሱቁ ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ሰው ሲጠጋው «ተወው» ይላል።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ወር ግን ጋሼ ለመፈልፈያው የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት አመለከተ። መደዳው ተንጫጫ። «የውጭ ማሽን ነው ብለህ የለ? ሂድና ንገራቸው፤ አንተ ቤተሰቡ ስለሆንክ ያምኑሃል» ብለው ሜትሩን ተቃዋሚ አድርገው ላኩት። እምቢ እንዳይል፣ «ለምን?» ሊሉት ነው።

በቀጠሮው ቀን ጧት ሚስቱ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ወንድሜ ላይ ልትናገር ነው አይደል?» አለችው።

«ስለ ማሽን ነው የምናገረው።»

«እኔ የማሽን እህት አይደለሁም» አለችና ኮሌታውን ሳትጨርሰው ለቀቀችው።

የፈጠራ ባለቤትነት ቢሮው ውስጥ ሁለቱ መፈልፈያዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የጋሼ የመጀመሪያው፣ የሜትሩም የቅርቡ። መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለቱንም በጣቷ ስትዳስስ ቆየችና ቀና አለች።

«ይቺ ቀዳዳ ለምንድን ናት?» አለችው ሜትሩን።

ለደንበኛ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለአየር ናት»። አንድ ገዢማ ቀዳዳ የሌለው ቢያገኝ «ይሄ ፎርጅድ ነው» ብሎ መልሶበታል። ሜትሩ አፉን ከፈተ። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ለእህቱ ትዳር ሲል ትንፍሽ እንደማይል ሜትሩ ያውቃል። አንጀቱን የበላው ይሄ ነው።

«አላውቅም» አለ። «ስቀዳ ስለነበረች ቀዳኋት። የውጭ ማሽን የሚባል የለም። ከሱ ማሽን ላይ ነው፣ ካርቶን ላይ ያሰመርኩት። እግር እንድበይድ ነበር የሰጠኝ።»

መርማሪዋ ወደ ጋሼ ዞረች። «እርስዎስ ለምን በሷት?»

«መሰርሰሪያው አምልጦኝ» አለ ጋሼ። «ቦታ ስቼ ነው። ሌላ ላሜራ አልነበረኝም፤ ተውኳት።»

ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሜትሩ አልሳቀም። በገዛ እጁ ብቻ ከሦስት መቶ የማያንስ መፈልፈያ ላይ ለክቶ፣ ነጥብ መትቶ፣ የሰው ስህተት በጥንቃቄ ሲበሳ ኖሯል። ተቃውሞውን ትቶ ቃሉ ላይ ፈረመ።

ጋሼን ደረጃው ላይ ደረሰበት። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«የመጀመሪያውን ስትሸጥ ነው ቀዳዳዋን ያየኋት» አለ ጋሼ፣ ሳይቆም። «‹ዛሬ መጥቶ ለምንድን ናት ይለኛል፣ ነገ መጥቶ ይለኛል› እያልኩ ጠበቅኩህ። ብትመጣ እኮ አብረን ስቀን አብረን እንሠራው ነበር።»

ሜትሩ መደዳው ምን እንደሚለው ገና አላሰበም። «በሸራ የሸፈንከው... የባቄላ መውቂያ ነው?»

«ነው። አሁን እጨርሰዋለሁ።»

«እግሩን እኔ ልበይድልህ?»

ጋሼ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆመና ፈገግ አለ፤ የክፋት ፈገግታ አልነበረም። «እግሩንስ ራሴ በይጄዋለሁ» አለው። «ተጣሟል እንጂ ይቆማል።»