ገጽ መቶ ስልሳ አንድ

እናቴ ደብተሬን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ዙሪያውን ስትሰፋ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ከማይዘጋ ዚፕ ጋር እታገል ነበር። የደሴው አውቶቡስ ከመካነ ሰላም የሚነሳው ንጋት ላይ ነው።

«እማ፣ ደብተር እኮ ነው። ምን ያሰፋዋል?»

«ደላላ የማይበረብረው አንድ ነገር ይኑርሽ» አለችኝ መርፌዋን ሳታቆም።

እኛ አገር የተከበረ መጽሐፍ ራቁቱን አይሄድም። አባቴ ቁርአኑን፣ ጎረቤታችን ቄሱ ዳዊታቸውን፣ ሁለቱም በጨርቅ አልብሰው ነው የሚይዙት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሷ እኩል ነው። የነሱ ማህደር ግን አፍ አለው። እሷ የእኔን አፉን ጭምር ሰፋችው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ልጠፋ የነበረው በዚያ ስፌት ነው።

ደብተሩ ውስጥ የነበረው የመጻሕፍት አስተያየት ነው። አትሳቁ። የኮምፒውተር አስተማሪያችን ቲቸር ታደሰ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያም ማለት ሁልጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍት ይወስዱን ነበር። እያንዳንዱ የፕሮግራሚንግና የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፤ ለማን እንደሚሆን፣ የት እንደሚያጥር፣ የት እንደተሳሳተ። ሰው እንደሚያሙ አድርገው ነበር የሚጽፉት። «ይህ የሒሳብ መጽሐፍ አዋቂ ነው፤ ግን ሰው አይወድም። ከምሳሌ ወደ ምሳሌ ሲዘል ተማሪውን ገደል ጥሎት ይሄዳል።» «ይህኛው ስምንት መቶ ገጽ ነው። ሁለት መቶው ይበቃው ነበር፤ የቀረው ለትራስ።»

ከሁሉም የሚወዱት ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ነበር። «ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ገጽ 88 ላይ የሦስተኛው መልመጃ መልስ 12 ይላል፤ ትክክሉ 13 ነው። ጸሐፊው ከዜሮ መቁጠር መጀመሩን ረስቷል። ከገጽ 160 ወዲያ ተቀዷል።»

አስረኛ ክፍል ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረና አረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አወጣሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ «መጽሐፍ አይወጣም፤ አስተያየት ግን መገልበጥ ይቻላል» አሉኝ። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ገለበጥኩ። ምሳሌዎቹን ሳይቀር፣ ቅንፉንም፣ ቀስቱንም፣ ቁጥር የሞላውን ሠንጠረዥ ሁሉ።

«እዚያ አገር ሰማያዊው ሙሉው ይገኛል» አሉኝ። «ገጽ 160 መጨረሻ ላይ ራሱን በራሱ ስለሚጠራ ፕሮግራም ጀምሮ፣ ሊያስረዳ ሲል ነው የተቀደደው።»

«እርስዎ አያውቁትም እንዴ?»

«መልሱንማ አውቀዋለሁ። እሱ እንዴት እንደሚያስረዳው ነው የማላውቀው። ልጆቹ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይጠፉብኛል።»

እሺ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ አልኩ። ሪያድ ደርሼ ሱቅ ገብቼ የምገዛው መስሎኝ።

አቀስታ ስንደርስ ብርዱ መስኮቱን አላበው፤ በሁለት ቀኑ አዲስ አበባ ነበርኩ። ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፎርም ይሞላል።

«ምን ትችያለሽ?»

«ኮምፒውተር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አቧራውን መጥረግ ነው?»

«ፕሮግራም መጻፍ። ትንሽ ትንሽ።»

«እቃ ማጠቢያ ማሽን ትችላለች» ብሎ ጻፈ። «ሃይማኖትሽ ደህና ነው። ቁመትሽም ደህና ነው። ይቺን ኮምፒውተር እዚያ እንዳታነሺያት፤ ምላሰኛ ነች ብለው ይመልሱሻል።»

ሪያድ አውሮፕላኑ በር ላይ የመታኝ ሙቀት ምድጃ ላይ እንደማጎንበስ ነበር። መካነ ሰላም በጥቅምት ጠዋት ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው አማርር ነበር፤ ጌታዬ ይቅር ይበለኝ። ፓስፖርቴን የቤቱ አባወራ ተቀበለኝ፣ አላየሁትም ከዚያ ወዲያ። ሚስቱን «ማማ» እላታለሁ፤ ሌላ ስም አልተነገረኝም። ሩዝ እንደ አገራችን ገብስ አይደለም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰው አያጠግብም። ከሁሉ የከበደኝ ግን በር ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው በር ሁሉ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ሁሉ ማማ ወገብ ላይ ነው።

ልብስ የማሰጣበት ጣሪያ ላይ ከጎረቤት ግቢ አንዲት የአገሬ ልጅ፣ የከላላ፣ አለች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት በግንቡ ላይ ብቅ ብላ፦

«አንቺ፣ ክታብ አስረሻል?»

«የለኝም።»

«ካለሽ ጣይው። እዚህ ሲህር፣ ድግምት ሠራች ካሉሽ ፖሊስ ነው። ከዚያ ወዲያ ወላሂ ማንም አይሰማሽም።»

የለኝም ብዬ ተኛሁ። ትራሴ ውስጥ ያለው ደብተር ነዋ።

ትልቋ ልጃቸው ሪም ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ክፍሏን ስጠርግ መደርደሪያዋ ላይ ሰማያዊውን አየሁት። ሙሉው ነው። ሦስት ሳምንት አቧራውን ብቻ ጠረግኩ። በአራተኛው አልቻልኩም። 161ን ገለጥኩ። በአስረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት፤ በሩ ተከፈተ። ማማ ናት።

ያን ሰሞን ትንሹ ልጅ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ባሏም ሌላ ቤት ማደር አብዝቷል። እጄን አየች፣ መጽሐፉን አየች፣ የሆነ ነገር ገጹ መሃል የደበቅኩ መሰላት። መጽሐፉን አራገፈችው፣ ምንም አልወደቀም። ከዚያ ወደ ክፍሌ ሄደች። ትራሴን ስትቀደው አረንጓዴው ጨርቅ ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ አፉ የተሰፋ፣ ክሩ ቀይ።

ጮኸች። በእግሯ ራቅ አደረገችውና ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርአን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ መቅራት ጀመረች። ባሏን በስልክ ስትጠራ ከጥድፊያዋ የተነሳ የገባኝ ሁለት ቃል ነው፦ ሲህርና ፖሊስ። «ደፍተር! ደፍተር ነው!» እላለሁ፤ ደብተር የሚሰፋ ሰው የት አለ? በየትኛው አረብኛዬ ስለ እናቴ መርፌ ልንገራት?

ሪም መጥታ በመቀስ ቀደደችው። ገጾቹን ስታገላብጥ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። የእኛ ፊደል፣ ቀስት፣ ቅንፍ፣ ቁጥር የሞላው ሠንጠረዥ። እኔም ብሆን እንደዚያ ሳየው ፈራሁት።

«ይሄ የኛ ትምህርት ነው የሚመስለው» አለች ቀስ ብላ።

«የቤት ሠራተኛ ምን ያደርግላታል?» አለች ማማ።

ሪም ወደ እኔ ዞረች። «ምንድነው የሚለው?»

ሰማያዊው ያለበትን ገጽ በጣቴ አሳየኋት። «ኪታብ ዜይን፣» መጽሐፉ ጥሩ ነው ማለቴ ነው። «ሰፍሓ ሰማንያ ስምንት፣» የገጹን ቁጥር በጣቴ አየር ላይ ጻፍኩት፣ «ሦስተኛው ገለጥ፣» ስህተት ነው ለማለት፣ «አስራ ሁለት አይደለም፣ አስራ ሦስት።»

ሪም ወደ ክፍሏ ሄደች። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ማማ ስልኩን አልዘጋችም፤ የባሏ ድምፅ ውስጡ ይንጫጫል። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ሪም ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«አስራ ሦስት ነው» አለች። «እዚህ መልመጃ ላይ አንድ ሳምንት አልቅሻለሁ፣ ስህተቱ የኔ መስሎኝ።»

ፖሊስ አልተጠራም። ማማ ግን ለማንኛውም ብላ፣ ቁርአን በተቀራበት ውሃ ደብተሩን ዘፈዘፈችው። የእስክሪብቶው ቀለም ሲሟሟ ባልዲው ሰማያዊ ሆነ። የሪም ክፍልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ተቆለፈ።

ስልክ በወር አንዴ ነው፣ ጁምዓ፣ ማማ አጠገቤ ቆማ። በዚህ ወር እናቴን ቲቸርን ቤት እንድትጠራልኝ አስቀድሜ ለምኛት ነበር።

«ሰአዳ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ ቲቸር። ሰማያዊውን አገኘሁት።»

«መቶ ስልሳ አንድን አየሽው?»

በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለእሳቸው በአማርኛ አልኩላቸው። «ወረፋ የያዙ ሰዎችን አስቡ። የመጨረሻው ሰው ስንተኛ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ወረፋውን ጥሎ መቁጠር ስለማይችል ከፊቱ ያለውን ይጠይቃል። ያም አያውቅም፤ እሱም ከፊቱ ያለውን ይጠይቃል።»

እስክሪብቶ ሲጭር ይሰማኛል። «ወረፋ» አሉ። «እኔ ስንት ዓመት መስታወት በመስታወት እያልኩ ሳደናግራቸው። የስኳር ወረፋ ብላቸው ኖሮ ማን ይጠፋብኝ ነበር።» ሳቁ። ከዚያ፦ «እሺ፣ የፊተኛውስ? ምን ብሎ ይመልስለታል?»

«እሱን አላነበብኩም ቲቸር። በሩ ተከፈተ።»

«ማን ከፈተው?» አሉ።

ማማ አማርኛ አትችልም፤ ሁሉንም መናገር እችል ነበር። እናቴ ግን ስልኩ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ እንደቆመች አውቃለሁ፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ደብተሩ አለ?» አለች ከኋላ። «ስፌቱ ያዘ?»

«ይዟል እማ፣» አልኳት፣ «አልተፈታም።»

ቲቸር «አብሽሪ፣ አትቸኩይ፤ ቀሪውን ስታነቢው ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። ማማ እጇን ለስልኩ ዘረጋች።