የሌሊሴ ዜማ

ባለፈው መስከረም ልጄ አዲስ አበባ ወስዳ አንድ ቴአትር አሳየችኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ብቻ የሚነገር ነው፤ ኦፔራ ይሉታል አለችኝ። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ አይተሽ አታውቂም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይቻለሁ። ነቀምቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ።

ክረምቱ ወጥቶ የኪነት ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ትርኢት የሚያሳይበት ቀን ነበር። ቀይ ጭቃው ጫማችንን እየያዘብን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ከሰፈራችን ከጨለለቂ ከጎረቤቶች ጋር ወጣን። አዳራሹ ቀድሞ የጸሎት ቤታችን ነበር። ተዘግቶ የቀበሌ ሆነ፤ መስቀሉ በተነቀለበት ግድግዳ ላይም መፈክር ተጻፈበት። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን የእኛው ናቸው። ሳላስበው ዱሮ ከምቀመጥበት ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጓደኛዬ ሌሊሴ መዝሙር መሪያችን ነበረች። በግድ ኪነት አስገብተዋት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ በሚነገር ትርኢት ልጇ ጦር ሜዳ የሞተባትን እናት ሆና ትጫወታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቅ ስትል፣ ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ይቺ ቀጫጫ መቼ ወልዳ ነው ልጇ የዘመተው?» ብለው አሳቁን።

ለቅሶዋን ስትጀምር ሳቁ ቆመ። ቃሉ ስለ እናት አገር ነው። ዜማው ግን በቀብር ላይ የምንዘምረው መዝሙር ነበር። ዜማ እንድታወጣ የታዘዘችው እሷ ራሷ ናት። ሁላችንም አወቅነው፤ ማንም ወደ ማንም አላየም። አዴ ጫልቱ ጉልበቴን ጨበጡኝ። ከፊት የተቀመጠው ካድሬ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ አላወቀውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል።

ስትጨርስ፣ እንደ ጸሎት ጊዜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች ተከተሉኝ። «አሜን!»

ካድሬው ዞረ። «ምንድን ነው ነገሩ? ጸሎት ላይ ነን እንዴ?» እኔም ከሰው ጋር አንገቴን ደፋሁ። እሱም ወደ መድረኩ ቀና ብሎ፣ «ጓዲት፣ ይህን ዜማ ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ከለቅሶ ቤት ነው፣ ጓድ።»

እውነቷን ነበር። ግን አላዳናትም። በማግስቱ ታሰረች።

ከሕዝቡ መሐል አብሮሽ የዶለተው ማን ነው እያሉ ገረፏት። የማታውቀውን ምን ትበል? ብዙዎች በእስር ቤቱ ደጃፍ ማለፍ እንኳ ፈሩ። እኔ ግን አንጮቴ ቀቅዬ፣ እርጎ ይዤ፣ ስምንት ወር ተመላለስኩ። ስትፈታ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ ዳግመኛም አልዘመረችም።

የተፈታች ዕለት እቤታቸው እንደገባን፣ «ያን ቀን መጀመሪያ አሜን ያለው ማን እንደሆነ ሰማሽ?» አለችኝ።

«አልሰማሁም» አልኳት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጸሎት ቤታችን ተመልሶልናል። ልጆቼ ለወግ በቅተዋል። ሌሊሴም ጊምቢ አግብታ የልጅ ልጅ አይታለች። ያን ነገር ለእግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለእሷ መንገር ነው ያቃተኝ። በሄድኩ ቁጥር ልጆቿን ትሰበስብና፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ «ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ያልካደችኝ እሷ ናት፤ እጇን ሳሙ» ትላቸዋለች።

እኔም እጄን እሰጣቸዋለሁ።