ዋልት ስታሻክ በሬዲዮ የማለበት ወንበር

ዋልት ስታሻክን በመልኩ የሚያውቀው የከተማችን የቶሌዶ ሰው ብዙ አይደለም። በድምፁ ግን የማያውቀው የለም። ከሰዓት በኋላ የስፖርት ሬዲዮ አዘጋጁ ቴሪ ሉንድ «አሁን ደግሞ ዋልት ከላግሬንጅ ጎዳና» ሲል የአውቶቡስ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ ያቆማል። ከዚያ ያ የሻከረ ድምፅ ይመጣና ስለ ነፊዎቹ ማማረር ይጀምራል።

ነፊዎቹ ቡድናችን ናቸው። ከተማችን የመስታወት ከተማ ስለሆነች ስማቸውን ያገኙት የቀለጠ መስታወት በትንፋሽ እየነፉ ዕቃ ከሚሠሩት ከመስታወት ነፊዎች ነው። እግር ኳስ ስል በእጅ የሚወረወረውን፣ የራስ ቁር ተደፍቶ የሚጋጩበትን ማለቴ ነው፤ እኛ ሌላ እግር ኳስ አናውቅም። በዚህ ጨዋታ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ኳርተርባክ ይባላል። ኳሱን ተቀብሎ፣ ግዙፍ ሰዎች እየተንደረደሩበት፣ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው እሱ ነው። ጥሩ ኳርተርባክ ያለው ከተማ ሰኞ ጠዋት ፊቱ ይፈካል። የእኛ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚመስል ግን የኖረበት ያውቀዋል።

እኔና ዋልት በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ እቶን ፊት ጎልምሰን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን። በስታዲየሙም ያረጀሁት ከእሱና ከሚስቱ ከሎሬታ ኋላ ተቀምጬ ነው። ሁለቱን ወንበሮች ዋልት ከአባቱ ወርሷል። በየዓመቱ የሚታደስ ወንበር በእኛ ዘንድ እንደ ርስት ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛት አያድርስ ነው፤ አንዴ የለቀቀ በዕድሜው መልሶ አያገኘውም። ሰው ቤቱን ይሸጣል፣ ትዳሩን ይፈታል፣ ወንበሩን ግን አይለቅም።

በዚያ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ወሬ ተነሣ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ፔንሮዝ፣ ኮልቢ ራድክሊፍን ሊያመጣ ነው ተባለ። ራድክሊፍ በጊዜው ትልቅ ሰው ነበር። አሁን ግን ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል፤ የሚወረውርበት ትከሻም ሁለት ጊዜ ተቀዶ ተሰፍቷል። እኛ ደግሞ ማላካይ ግሪር የሚባል ወጣት ነበረን። ስህተቱ ብዙ ነው፤ ግን ፈጣን ነው፣ በየሳምንቱም ይሻሻላል። ዋልት ወሬውን እንደሰማ ስልኩን አነሣ።

«ቴሪ፣ ስማኝ። ይህን ልጅ አስቀምጠው ያንን አሮጌ ካመጡ፣ እኔ ወንበሬን እመልሳለሁ።»

«ዋልት፣ ይህን እኮ በየዓመቱ ትላለህ።»

«በየዓመቱ እናደዳለሁ እንጂ ምዬ አላውቅም። አሁን ግን ምያለሁ። በአባቴ መቃብር!»

ከተማው ሰማ።

በመጋቢት ፔንሮዝ ራድክሊፍን አመጣ። ያመጣውም በነፃ አይደለም፤ ለሁለት ዓመት ከኮሌጅ የሚወጡትን ምርጥ ልጆች ቀድመን የምንመርጥበትን ተራ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጥቶ ነው። ወንበር የሚታደስበት ቀነ ገደብ በዚያው ሳምንት ነበር። በዋልት ጋራዥ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ዋልትና የአውቶቡስ ሾፌሩ ወዳጃችን ዳሪል ፒንክኒ። ሎሬታ ወደ ቤቱ በሚያስገባው በር ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«ሁለት ዓመት!» አለ ዋልት። «የሁለት ዓመት ተስፋችንን አንሥቶ ሰጠ። ለማን? የጫማውን ክር ለማሰር መቀመጫ ለሚፈልግ ሰው!»

«ኧረ ረጋ በል» አለው ዳሪል። «ማላካይ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ነው ኳሱን ለተቃራኒ እንካችሁ ያለው? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ በሬዲዮ ስሰማ ፍሬን ረግጬ ተሳፋሪውን በሙሉ አንጋጭቻለሁ።»

«ልጅ ነዋ! ልጅ ተሳስቶ ይማራል። ራድክሊፍ አሁን ቢሳሳት መቼ ሊማር ነው? ጡረታ ከወጣ በኋላ?»

«ችግሩ ወርዋሪው አይደለም» አልኩ እኔ። «ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት አምስቱ ናቸው። እነሱ እያሉ መልአክ ብታቆምም ክንፉን ይሰብሩታል።»

«ጀመረ ደግሞ! አምስቱ፣ አምስቱ! ቤትህ ቢቃጠል አምስቱ ናቸው ያቃጠሉት ትላለህ።»

«ፔንሮዝስ ምን ያድርግ?» አለ ዳሪል። «ባለቤቱ ሸሚዝ የሚሸጥለት ስም አምጣልኝ አለው፣ አመጣለት።»

«ባለቤቱ ስለ ኳስ ምን ያውቃል? ቡድኑን እንዳለ ከአባቱ ነው የወረሰው!»

«አንተስ ወንበሩን ከማን ወረስክ?» አለች ሎሬታ።

ሳቅን። ዋልት ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ወደ ዋናው ነገር የገባነው። ዳሪል ሬዲዮ ላይ የተባለ ነገር መሐላ አይደለም ባይ ነው።

«እኔም እኮ ሬዲዮ ላይ ፔንሮዝን ከድልድይ እወረውረዋለሁ ብያለሁ። ሰውዬው ይኸው አለ፤ አልረጠበም።»

«አንተ የአባትህን መቃብር አልጠራህም» አለ ዋልት። «እኔ ጠርቻለሁ። ሁለቱንም ወንበር እመልሳለሁ።»

ሎሬታ ከበሩ ቀና አለች።

«ማንኛውን ሁለቱን? አንዱ የኔ ነው፣ አንተ ሰውዬ። ካገባሁህ ጀምሮ በበረዶ የተቀመጥኩበት የኔ ወንበር ነው። የአባትህ መቃብር የኔን ወንበር ምን አገባው? እኔ ሬዲዮ ላይ አፌን አልከፈትኩም። የከፈተው ይክፈል።»

ስለዚህ ዋልት የራሱን ብቻ መለሰ። ወደ ቡድኑ ቢሮ የሄደው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው። በቢሮው ያለችው ልጅ «እርግጠኛ ነዎት፣ ጌታዬ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው አሉ። እርግጠኛ ነኝ ብሎ ፈረመና በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጨዋታው በመስከረም ሲጀመር ዋልት እንደ ወትሮው ማለዳ ከእኛ ጋር ወደ ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ መጣ። ከሰሉን አቀጣጠለ፣ የፖላንዱን ቋሊማ ጠበሰ፣ ለጎረቤት መኪናዎች ሳይቀር አደለ። በሩ ሲከፈት እኛ ገባን። እሱ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀረ። ከሌላ ቡድን ደጋፊዎች ጋር ቢከራከር ይሻለው ነበር፤ ከሬዲዮ ጋር መከራከር ግን ሰውን ይጨርሳል።

በእሱ ቦታ ክሬግ ሆልት የሚባል የጥርስ ሐኪም ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሎሬታን ያበገናትም ይኸው ጨዋነቱ ነው። ነፊዎቹ ሲያገቡ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ወደ ስልኩ ይመለሳል። መንገድ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሎ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት ይሄዳል። አንድ ቀን ውጤቱ እኩል ሆኖ ሳለ ሲነሣ ሎሬታ፣ «ዶክተር፣ በሽተኛ አፉን ከፍቶ እያለም እንዲህ ጥለው ይሄዳሉ?» አለችው። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ከጨዋታ በኋላ ደግሞ በመኪና ማቆሚያው ሌላ ክርክር አለ።

«ኳሱ መስመሩን አልፏል» ይላል ዋልት።

«አላለፈም። በዓይኔ አይቻለሁ» ትላለች ሎሬታ።

«ሬዲዮው አልፏል ብሏል።»

«እንግዲያው ሬዲዮውን አግባ!»

በሦስተኛው ሳምንት የተፈራው ደረሰ፤ የራድክሊፍ ትከሻ እንደገና ተጎዳ። ማላካይ ገባና ሁለት ጨዋታ አከታትሎ አሸነፈ። ያን ሰሞን ዋልት ሬዲዮ ላይ እንደ ነቢይ ተናገረ። ታዲያ ፔንሮዝና አሠልጣኙ ምን አደረጉ? የራድክሊፍ ትከሻ ዳነ በተባለ ማግስት ልጁን አስቀምጠው እሱን መለሱት! ከዚያ በኋላ ሽንፈት በሽንፈት ሆንን። ምክንያቱን ሲጠየቅ ፔንሮዝ፣ «በሂደቱ እንተማመናለን» አለ። ነገሩን ሁልጊዜ የሚያለዝበው ዳሪል እንኳ ያን ቀን አንድ ባዶ ባልዲ በእርግጫ መትቶ የእግሩን አውራ ጣት አሳበጠ።

እንዲህ ሆኖ ታኅሣሥ ገባ፤ በሜዳችን የምናደርገው የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። የጥርስ ሐኪሙ ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድ ስለነበር ትኬቱን ለሎሬታ ላከላት፤ ለፈለጉት ሰው ይስጡት ብሎ። ያን እሑድ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ከሰሉን ሳይቀር ያጠፋ ነበር። ሎሬታ ወደ ባሏ ዞረች። ዋልት እንደሆነ ባለፈው ወር ሳምባው ታሞ ተኝቶ ነበር።

«ና፣ ትገባለህ» አለችው።

«ምያለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ምለሃል። ሌላ ዓመት በሕይወት ልኑር አልኑር አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ከዚያ የጥርስ ሐኪም አጠገብ ተቀምጬ መሞት አልፈልግም። በመልክህ የሚያውቅህ የለም። ኮፍያህን ዝቅ አድርግ፣ አፍህን ዝጋ፣ ግባ። የምለምንህ አፍህን እንድትዘጋ ብቻ ነው።»

«አፌን መዝጋት አያቅተኝም» አለ ዋልት።

ዳሪል የሚጠጣው ቢራ በአፍንጫው ወጣ።

ተሰለፍን። ዋልት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በሎሬታና በእኔ መካከል ቆመ። ከፊታችን የራድክሊፍን ሸሚዝ በካፖርቱ ላይ የደረበ አንድ ወፍራም ሰው ለጓደኛው ያወራል።

«ፔንሮዝ ብልህ ነው» ይላል። «ያንን ልጅ ቢያሰልፍ ኖሮ ከዚህ የባሰ ነበር።»

የዋልት ጆሮ ቀላ። ሎሬታ እጅጌውን ያዘች። ሰልፉ ተራመደ።

«ደግሞ ሁለት ጨዋታ አሸነፈ ይላሉ» ቀጠለ ሰውዬው። «ማንን አሸነፈ? ደካሞችን። እሱን ጨዋታማ እናቴም ታሸንፈው ነበር።»

እኔ ዋልትን ካወቅሁት ስንት ዘመኔ ነው፤ እቶን ሲፈነዳ ቆሞ አይቼዋለሁ። ይህን ግን ሊቋቋም አልቻለም።

«በዝናብ ነው ያሸነፈው!» ብሎ ጮኸ። «በዝናብ፣ ምርጥ ተቀባዩ ተሰብሮ፣ ኳሱ እንደ ሳሙና እያዳለጠ! እናትህ በዝናብ ትወረውራለች?»

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ትኬት የምታየው ሴት እጇ ባለበት ቆመ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ዋልት አይደሉም? ከላግሬንጅ ጎዳና?»

ሰልፉ ተንጫጫ።

«ዋልት ነው!»

«ወንበሬን እመልሳለሁ ያለው?»

«በአባቴ መቃብር ብሎ!»

«ምነው ዋልት፣ አባትህ ናቸው ትኬት የላኩልህ?»

ስልኮች ከየኪሱ ወጡ። ሎሬታ እጅጌውን ለቀቀችው። ትኬቷን አሳይታ በሩን አለፈችና ከወዲያ ቆመች። በእኛ ስታዲየም አንዴ ገብቶ የወጣ ተመልሶ አይገባም። እሱ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ ሆኑ። የሚመለስ መስሎኝ መንገድ ልለቅለት ዞር አልኩ።

ዋልት ኮፍያውን አወለቀ።

«አዎ፣ ዋልት ነኝ» አለ። «ምዬ ነበር፤ አሁን በፊታችሁ አፈረስኩት። ነገ ለሬዲዮውም ራሴ እናገራለሁ፤ እናንተ አትድከሙ።»

ገባ። ከኋላው ሲያፏጩበት አልዞረም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ራድክሊፍ ማንም ያልቆመበት ቦታ ላይ ወረወረ። ማንም ያልቆመበት ያልኩት ከኛ ሰዎች ነው፤ ከነሱ ሁለት ቆመው ነበር። አንዱ ቀልቦ ሜዳውን ሙሉ ሮጠና አገባብን። በዙሪያችን ያለው ሰው ሜዳውን ትቶ ዋልትን አየ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ከኋላ ይታየኛል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልተናገረም። ተሸነፍን።

በማግስቱ በወጥ ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ዋልት ለሬዲዮው ደወለ።

«ገባሁ፣ ቴሪ።»

«ሰምተናል ዋልት። ከተማው በሙሉ ቪዲዮውን አይቶታል።»

«እኔው ልናገረው ብዬ ነው። በአባቴ መቃብር ምዬ አፈረስኩ።»

ቴሪ ሉንድ በሰው ማሾፍ እንጀራው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላሾፈም።

«እሺ» አለ። «ታዲያ ያ ውርወራስ? ራድክሊፍን ለሚቀጥለው ዓመትም ሊያስፈርሙት ነው ይባላል። ምን ትላለህ?»

ዋልት በረጅሙ አየር ሳበ። ሊፈነዳ ነው ብዬ ስኒዬን አራቅሁ።

«ስለ ራድክሊፍ እኔ አልናገርም። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ሌላው ቢቀር ዝም ይላል። ከእንግዲህም አልደውልም። ሎሬታ ግን አልማለችም።»

ስልኩን ሰጣት። ሎሬታ እጇን በመሐረቧ ጠርጋ ተቀበለች።

«ቴሪ፣ ሎሬታ ነኝ፣ ከላግሬንጅ ጎዳና። ሳታቋርጠኝ ስማኝ። አንደኛ፣ ያ ፔንሮዝ የምትሉት ሰው ሂደት፣ ሂደት ይላል፤ እኔ በዚያ ወንበር ሆኜ ሂደት አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት የተጎዱትን ከሜዳ የሚያወጣ አምቡላንስ ነው። ሁለተኛ፣ ለዚያ ልጅ አንድ ሰው ይቅርታ ጠይቆታል ወይ? የሚያሸንፍን ልጅ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት...»

ዋልት በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ «በዝናብ በይው» ሲል አንሾካሾከ።

ሎሬታ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነች።

«አንተ ዝም በል!» አለችውና እጇን አነሣች። «ይቅርታ ቴሪ። የት ነበርኩ? አዎ፣ ፔንሮዝ።»